በእጄ የጻፍኩት የመራጮች መዝገብ

ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ ቀርቼ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ውስጥ የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ነበር። የተመረጥኩት ጽሕፈቴ ስለሚያምር ብቻ ነው። አባቴ አናጺ ነበር። የምንጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ከታሸገ ወዲህ እሑድ ጠዋት በር ዘግቶ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብልናል፤ እኔ ደግሞ በዚያው ሰዓት ቀበሌ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ከቤት ስወጣ፣ «ሰው ለሁለት ጌታ…» ብሎ ይጀምርና ይተወዋል። ሳይጨርሰው የሚተወው ነገር ቀኑን ሙሉ ይከተለኛል።

የሸንጎ ምርጫ ሊደረግ ነው ተባለና ምዝገባ ተጀመረ። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር አስጠራኝ። ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር።

«ጓዲት፣ ሽማግሌው ተመዝግቧል። እናቶችም ተመዝግበዋል። ወጣቱ የት ገባ?» አለኝ።

«እኔ እንጃ ጓድ።»

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅ ነው? ከላይ በየቀኑ ይጠይቁኛል። ዘዴ ፈልጊ።»

የት እንደገቡ አሳምሬ አውቅ ነበር። ገሚሱ ላንቴ ሙዝ እርሻ ውስጥ፣ ገሚሱ ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ፣ ዘመድ ያለው ደግሞ ደጋ ወጥቶ ነበር። የብሔራዊ ውትድርና ዘመን ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል ብሎ በገዛ አፉ ለቀበሌ የሚናገር ወንድ ሞኝ ነበር። ቤት ለቤት ስዞር አንዲት እናት ጢሙን የላጨ ልጃቸውን ከኋላቸው አቁመው፣ «ገና አሥራ አምስቱን አልደፈነም» ብለውኛል። ልጁ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ጓሮ ሮጠ።

ዘዴ ፈለግሁ። መጀመሪያ ፒክአፕ መኪና ላይ ሞንታርቦ ጭነን፣ «ወጣቶች፣ መብታችሁን ተጠቀሙ» እያልን ከሲቀላ ወደ ላይኛው ከተማ ሸቻ ወጣን፤ ከሸቻ ሲቀላ ወረድን። ሕፃናት ብቻ ተከተሉን። ቀጥሎ በገበያ ቀን የኪነት ቡድኑን አስጨፈርን። ወጣቱ ከየጎሬው ወጣ፤ ዘፈኑን ሰማ፤ አጨበጨበ። የመመዝገቢያው ጠረጴዛ ሲዘረጋ ግን ሜዳው ባዶ ሆነ። ያን ሰሞን እንቅልፍም ምግብም አልረጋልኝ አለ። ሊቀ መንበሩን መፍራቴ ብቻ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ማሸነፍ ፈልጌ ነበር። ፈተና የወደቀች ልጅ ነበርኩ፤ አንድ ነገር ይሳካልኝ ብዬ ነበር።

ኋላ ላይ ነው የሰፈራችን የእግር ኳስ ቡድን ትዝ ያለኝ። ሁሉም የሚሰሙት በረኛውን ነበር። የገረሴ ደጋ ልጅ ነው፤ አክስቱ ዘንድ ሆኖ ጫሞ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ዝምተኛ ነው፤ ግን እሱ «እንሂድ» ካለ ይኬዳል። ዓሣ ሊጭን በሚወርድ ፒክአፕ ተሳፍሬ ሄድኩ። መረቡን ዘርግቶ ሲጠግን አገኘሁት። አጠገቡ ከአንድ መንደር አብሮት የመጣ ጓደኛው፣ የቡድኑ የግራ ክንፍ ተጫዋች፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየቀረፈ ነበር።

«መራጭ ፍለጋ እዚህ ድረስ?» አለ ጓደኛው። «ተወዳዳሪዎቹ በእንስሳ ምስል ነው የሚለዩት ሲሉ ሰማን። ጉማሬ አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው ጫሞን አያውቁትም።» ተሳሳቅን።

በረኛው ግን አልሳቀም። «ስማችንን ጽፈሽ የት ነው የምትወስጂው?» አለኝ።

«ለምርጫ ብቻ ነው። መዝገቡ የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነው፤ ቁልፉም በእጄ ነው።»

«አንቺ ራስሽ ታምኚያለሽ?»

አንድ የሞተር ጀልባ ወደ ዳር እየቀረበ ነበር። ዞር ብዬ ጀልባውን ያየሁ መሰልኩ። «አምናለሁ» አልኩ። ዋሽቼ አልነበረም። አምኜም አልነበረም። እንዲያምኑኝ ስለፈለግሁ ብቻ ነው የተናገርኩት።

መርፌውን መረቡ ላይ ሰክቶ ጥቂት አሰበ። «እንግዲህ ያንቺ ቃል ከሆነ፣ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከልምምድ በቀጥታ፣ አቧራቸውን እንደለበሱ፣ ቡድኑ በሙሉ መጣ። እሱ ከፊት ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ መጥራት አላስፈለገኝም፤ ቡድኑ ከተመዘገበ ምን ያስፈራል ብሎ ሌላው ተከተለ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥር። ፊደሎቹን አሳምሬ ነበር የጻፍኳቸው።

የምርጫው ዕለት ወጣቱ ካርዱን ይዞ ረጅም ሰልፍ ሠራ። ልጃገረዶቹ ጸጉራቸውን ተሠርተው መጡ። የግራ ክንፉ ተጫዋች ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቶ፣ «ጉማሬ ፈልጌ አጣሁ» ሲል ታዛቢዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ከመድረክ ተጠርቼ ተጨበጨበልኝ። ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው «ጥሩ ነው» አለ፤ ግን ከሚልገው እንጨት ላይ ዓይኑን አላነሳም።

ወራት አለፉ። የገና በዓል ሳይደርስ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ሊቀ መንበሩ እንደገና ጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ለብቻው ነበር።

«ከመራጮች መዝገብ ውስጥ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉትን ወንዶች ለይተሽ ጻፊልኝ። ተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ አይግባ።»

«ጓድ፣ ለምርጫ ብቻ ነው ብለናቸው ነበር እኮ።»

«ለእኔም የተነገረኝ እንደዚያ ነበር» አለኝ። ድምፁ እንደ ወትሮው ዝግ ያለ ነበር። «ነገ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን። ካልሆነ መዝገቡን ራሱን ይወስዱታል። አንቺንም ከነመዝገቡ።»

ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶው አልቆመም፤ ይህን እስከ ዛሬ ለራሴ አልደብቅም። የበረኛው ስም ጋ ስደርስ ተነስቼ በመስኮት አየሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ደግሞ ተነሳሁ። በመጨረሻ ጻፍኩት። ከስሩ ያለውን የጓደኛውንም ጻፍኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ወጥቼ ቤቴ ሄድኩ። አባቴ ጓሮ ሳንቃ ይልግ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ይገሥጸኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። መላጊያውን አስቀመጠና እጁን በቁምጣው ጠረገ።

«እጅሽ ጽፏል» አለኝ። «እግር ደግሞ አለሽ አይደል?»

ወደ ጫሞ በእግሬ ሄድኩ። መኪና መጠበቅ አልቻልኩም። በረኛው ውሃ ላይ ነበር፤ ዳር ላይ ወዲያ ወዲህ ስል አዛውንቱ ዓሣ አጥማጅ፣ «ልጄ፣ አዞ አለ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀምጬ ወዲያው ተነሳሁ። ጀልባው ሲቀርብ ፊቴን አይቶ አወቀ።

«ስንቶቻችን ነን?»

«ሁላችሁም።»

እንዲሰድበኝ ፈልጌ ነበር። የያዘውን ዓሣ ለአዛውንቱ ሰጣቸው፤ ጓደኛውን ጠራው። «ላንቴ ያሉትን አንተ ንገር፤ ሲቀላ ያሉትን እኔ እነግራለሁ። ከዚያ ገረሴ» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ሂጂ፣ እንዳያዩሽ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። አንድም ስም አልቀነስኩም፤ መዝገቡ ሊያጋልጠኝ ስለሚችል ፈራሁ። ሚሊሺያዎቹ ሲወጡ ብዙውን ቤት ባዶ አገኙት። ከቡድኑ ውስጥ የያዙት ማስጠንቀቂያውን ያላመኑትን ሁለት ልጆች ብቻ ነበር። ስለዚህ ቤተሰብ መያዝ ጀመሩ። የበረኛውን አክስት አምጥተው ከቢሮዬ ቀጥሎ ባለው መጋዘን አስገቧቸው። በየቀኑ የበቆሎ ኩርኩፋ ከሺፈራው ቅጠል ጋር ሠርቼ እወስድላቸው ነበር። ሴትዮዋ የበቆሎውን ድብልቡል በእጃቸው ይዘው ሳይጎርሱ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ለምን ታደርጊልኛለሽ?» ይሉኛል። ሳህኑን አስቀምጬ እወጣ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ በረኛው በቀበሌው ዋና በር ገባ። ጓደኛውም አብሮት ነበር። «አክስቴን ልቀቁ» አለ፤ ሌላ አልተናገረም። ከጓደኛው ቤተሰብ ማንም አልተያዘበትም ነበር፤ ወላጆቹ ደጋ ናቸው። ለምን እንደመጣ ሊቀ መንበሩ ሲጠይቀው፣ «ብቻውን አይወርድም ብዬ ነው» አለ። የዚያን ቀን አልቀለደም። ሁለቱም በጭነት መኪና ተጫኑ። አክስቱ እግራቸውን እየጎተቱ መኪናው ከዓይናቸው እስኪጠፋ ተከተሉት።

ከዚያ በኋላ ቀበሌ ውስጥ መቀመጥ አልሆነልኝም። ታምሜያለሁ እያልኩ ቀረሁ፤ በቦታዬ ሌላ ሰው ተኩ። የመምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። ከማስተምርበት ገጠር ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር ወደ አክስቱ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትቼ በዙሪያው እሄድ ነበር።

ደርግ በወደቀበት ክረምት ወታደሩ በየመንገዱ ይመለስ ጀመር። አንድ ረፋድ ላይ በረኛውን በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጠቁሯል፤ ከስቷል፤ አንድ እግሩ አልታጠፍ ብሎታል። ግባ አልኩት። አባቴ በርጩማ ሰጠው። ምግብ በላ፤ ውሃ ጠጣ። አላስቻለኝም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «አምናለሁ ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«አንቺ የነገርሽው ለእኔ ነው» አለ። «ለልጆቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ከገረሴ ስወርድም ጓደኛዬ ተከተለኝ፤ ተመለስ ብዬ አልጮህኩበትም። አብሮኝ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።» ጓደኛው ሰሜን ጦር ግንባር ቀርቷል። በበረኛው እቅፍ ውስጥ ነው ያረፈው። «እናቱ ጋ አልሄድኩም። ለብቻዬ አልችልም።»

በነጋታው አብረን ገረሴ ወጣን። መኪና እስከሚያደርሰን ድረስ ሄደን፣ የቀረውን በእግር፣ እሱ እያረፈ እኔ ማረፍ እያቃተኝ ወጣነው። የጓደኛው እናት የገብስ ማሳ ዳር አረም ይነቅሉ ነበር። እሱን ሲያዩ ከኋላው ሌላ ሰው ፈለጉ። እኔን አዩ። ከዚያ አረሙን ከእጃቸው ጣሉ።

በጋሞኛ ነገራቸው። አልጮሁም። ጎረቤት ሊሰበሰብ ሲል በእጃቸው ከለከሉ። ከዚያ እኔ ማን እንደሆንኩ ጠየቁት። እኔው መለስኩ፤ መዝገቡንም፣ ቃሌንም፣ ዝርዝሩንም ነገርኳቸው።

«የአባቱን ስም ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«የአያቱንስ?»

እሱንም ነገርኳቸው። ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። ለካ ልጃቸው ለጦር ተወሰደ ከተባለ ወዲህ ከመንግሥት ምንም ወረቀት ስላልደረሳቸው፣ ምናልባት የተወሰደው ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ሰው ይሆናል ሲሉ ኖረዋል። ስህተት እንዲኖርበት ይመኙ ነበር። አንድም ፊደል አልተሳሳትኩም ነበር።

ዝናብ ጣለ። ወደ ቤት አስገቡን። ከሐዘናቸው ጋር እየታገሉ ቆጮ አቀረቡልን። ስንበላ ተቀምጠው አዩን፤ ከዚያ በረኛውን፣ «ሲሞት ቀልዷል?» ብለው ጠየቁት። እሱ መመለስ ጀመረ፤ መጨረስ አቃተው። እኔ ከበርጩማው ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ እሳቸው ግን ቀሚሴን ይዘው ወደ ቦታዬ መለሱኝ። «ተቀመጪ» አሉኝ። «አሁን እሱ ይናገራል፤ አንቺም ትሰሚያለሽ።»