በሲስተር ደብዳቤ ውስጥ ያለው ኳስ

ሐሙስ ማለዳ ከሾኔ የተነሣሁት የአንዲት የእንግሊዝኛ አባባል ፍቺ ፍለጋ ነው። ቀድሞ በክሊኒካችን ትሠራ የነበረች ፈረንጅ ሲስተር፣ የጎረቤቴን የአቶ ላምቤቦን ልጅ አስቴርን አዲስ አበባ ወስዳ ነርስነት ላስተምራት ብላ ጽፋለች። ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ «አሁን ኳሱ በእናንተ ሜዳ ነው» ይላል። የምን ኳስ? አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰውዬ ፍቺውን አላወቅሁትም። አቶ ላምቤቦ «እንግዲህ እንጠብቃለን» አሉ። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። የነርስ ትምህርት ቤቱ ምዝገባ ደግሞ ቅዳሜ ያበቃል።

ዱራሜ፣ ረፋድ ላይ

ኬላው ላይ ጠባቂዎቹ የቀበሌ የጉዞ መሸኛዬን አገላብጠው አዩና «ለምን ጉዳይ?» አሉኝ። ለአባባል ፍቺ ብል ማን ያምነኛል? «ለሕክምና» አልኩ። ዱራሜ ቆጮ በአይብ ስበላ አጠገቤ የተቀመጠውን ጤና ረዳት ጠየቅሁት።

«ጎል አግብታችኋል ማለት ነው፤ አርፋችሁ ተቀመጡ» አለኝ።

አንጋጫ ላይ እኔ ካለሁበት መኪና የተሳፈረ የስፖርት አስተማሪ ደግሞ «የለም፣ ገብቶባችኋል» አለ። ጭራሽ ግራ ገባኝ።

ሆሳዕና፣ ዘጠኝ ሰዓት

እኔን ያስተማሩኝ ጡረተኛ መምህር ደብዳቤውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ተራው የእናንተ ነው ማለት ነው። መለሳችሁላት?»

«ዳግመኛ እስክትጠይቅ እየጠበቅን ነው። እኛ ሰፈር ሰው ልጁን ሲጠየቅ በመጀመሪያው እሺ አይልም፣ ነውር ነው።»

«እሷ ዳግመኛ አትጠይቅም። ዝም ስትሏት እምቢ አሉ ብላ ትተዋለች። ተነሣ፣ ቴሌ ሳይዘጋ!»

«እሺ። አስቴር ትመጣለች። ላምቤቦ» የሚል ቴሌግራም ላክሁ። ከዚያ በኋላ ፍርሃት ያዘኝ። የሌላ ሰው ልጅ ነው እሺ ብዬ የሰጠሁት።

ሾኔ፣ ዓርብ

አቶ ላምቤቦን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸውና ያደረግሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«ማን እሺ በል አለህ፣ መምህር?»

«ማንም።»

ከዚያ ገብተው አዲስ የሴት ጫማ ይዘው ወጡ።

«ደብዳቤው በመጣ ማግስት ነው የገዛሁላት» አሉ። «ግን በአንድ ጥያቄ ብሰጣት ሰው ምን ይለኛል? እሺ ያልከው አንተ ከሆንክ ግን ምን አደርጋለሁ!» ወደ ውስጥ ዞረው «አስቴር፣ ነይ ለኪው» ብለው ተጣሩ።

ለአባባሏ ፍቺ ሆሳዕና ድረስ ተጉዣለሁ። አጥር ለአጥር የምንጎራበታቸውን አቶ ላምቤቦን ግን «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።