የሊንጎን ደረጃ

የማስታወስ ችሎታዬን እንደ ቀድሞው አላምነውም። በዚያ የመስከረም እሑድ ዝናቡ የጣለው ከሩጫው በፊት ይሁን በኋላ፣ የጋላቢዋ ልብስ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ፣ አስረግጬ መናገር ይቸግረኛል። የሄድንበትን ምክንያት ግን አልረሳሁም። ልጄ ማርታ ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ በሚገኝ የፈረስ ጋጣ ትሠራለች። ከውርንጭላነቷ ጀምሮ የተንከባከበቻት ባዝራ ሊንጎን በዚያ ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ትሮጣለች። ስሟን ያገኘችው እዚህ አገር ጫካ ውስጥ ከሚለቀመው ቀይ ፍሬ ነው። "ፓፓ፣ እባክህ ና" ብላ ደወለችልኝ።

ከሃሉንዳ እስከ ብሮ

ከቅዳሴ መልስ ጡረተኛው ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ነጠላቸውን አጣጥፈው ፌስታል ውስጥ ከተቱና አብረውኝ ወጡ። ከምንኖርበት ከሃሉንዳ ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር በቀዩ መስመር እስከ ማዕከላዊው ጣቢያ፣ ከዚያም ፔንደልቶግ በሚሉት የከተማ ዳርቻ ባቡር የሩጫው ሜዳ ወዳለበት ወደ ብሮ አመራን። ከከተማው እየራቅን ስንሄድ ፎቆቹ ለጥድ፣ ጥዱም ለታጨደ ማሳ ቦታ ለቀቀ።

"በእኛ አገር መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር" አሉኝ። "እንግዲህ አንተም ከዛሬ ጀምሮ አባ ሊንጎን ነህ!"

"ፈረሷ የእኔ አይደለችም እኮ፣ ጋሼ።"

"የምታበላት ልጅህ አይደለችም እንዴ? ከዚህ በላይ ምን ባለቤት አለ?"

ሜዳው

ማርታ በሩ ላይ ጠበቀችን፤ እጇ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። ጋሽ ታደሰን በአማርኛ ሰላም ብላ የቀረውን በስዊድንኛ ቀጠለች። ውድ ሆኖ ያገኘነውን ቋሊማ በዳቦ እየበላን አዳመጥናት። ታላላቆቹ ሩጫዎች ከላይ ወደ ታች ግሩፕ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ተብለው ይመደባሉ፤ የዕለቱ ግሩፕ ሦስት ነበር። ጋሽ ታደሰ ደረጃው የሚወሰነው በሽልማቱ ብዛት መስሏቸው ነበር።

"በፈረሶቹ ነው" አለች ማርታ። "ከሩጫው በኋላ ለእያንዳንዱ ፈረስ ነጥብ ይሰጠዋል። በየዓመቱ ደካሞች ከመጡ ሩጫው ራሱ ከደረጃው ይወርዳል።"

"እሱም ሹም ሽር አለበት በይኛ!" አሉ ጋሽ ታደሰ።

ማርታ አልሳቀችም። በእንዲህ ዓይነቱ ሩጫ እስከ ሦስተኛ የወጣች ባዝራ ስሟ በሽያጭ መጽሔት ላይ በደማቅ ፊደል ይታተማል፤ ውርንጭላዎቿም ተፈላጊ ይሆናሉ። የባዝራዋ ባለቤት ይህ ከተሳካላት ለእርባታ ሊያስቀራት፣ ካልተሳካላት ወደ ውጭ አገር ሊሸጣት ወስኗል።

"ሦስተኛ ይበቃናል፣ ፓፓ።"

ሩጫው ሲጀመር ሊንጎን ከኋላ ነበረች። የመጨረሻው ቀጥተኛ መስመር ላይ ሌሎቹን ፈረሶች አንድ በአንድ ታልፋቸው ጀመር። ጋሽ ታደሰ ነጠላቸውን ከፌስታል አውጥተው እያውለበለቡ "በይ፣ የእኔ እመቤት! በይ እንጂ!" ሲሉ ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩአቸው። ሦስተኛውን ፈረስ መስመሩ ላይ የደረሰችበት መሰለኝ። መጨረሻው መስመር ላይ የተነሳው ፎቶ ተመረመረ። በአፍንጫ ያህል ተበልጣ አራተኛ ወጥታለች።

ማርታ ባዝራዋን በልጓም ይዛ፣ ላቧ እስኪደርቅ ቀስ እያለች ታዟዙራት ጀመር። "ለአራተኛ ምንም የለም" አለች፤ ይህን በአማርኛ ነበር ያለችው። ጋሽ ታደሰ እንዳትረጥብ ነጠላቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። እንዲህ ከሆነ ዝናቡ የመጣው ከሩጫው በኋላ መሆን አለበት።

መልስ

በመጣንበት ባቡር ተመለስን። ሃሉንዳ ልንደርስ ፊቲያ የሚባለውን ጣቢያ ስናልፍ ጋሽ ታደሰ ድንገት "ለመሆኑ የሩጫው ደረጃ የሚሰላው በስንት ፈረስ ነጥብ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ማርታ አራት ያለች መሰለኝ፤ ሆኖም በራሴ ጆሮ አልተማመንኩም።

ሊንጎን ከወር በኋላ ተሸጠች። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ክብርን የሚሸከመውና ክብር የሚሰጠው ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ ነው። በተሸጠችበት ሳምንት የሩጫዎቹን ደረጃ የሚወስነውን ደንብ ፈልጌ አነበብኩና ለማርታ ደወልኩላት። አልተሳሳትኩም ነበር፦ ሩጫው ደረጃውን የሚያገኘውም የሚያጣውም በተከታታይ ዓመታት ቀድመው በገቡት አራት ፈረሶች አማካይ ነጥብ ነው። አራተኛዋ ሊንጎንም ለሩጫው ደረጃ ትቆጠራለች።