ያለቀው እጅጌ

ነርሷ ዳርሊን ከሥራ ስትወጣ፣ አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ ባለው ሆስፒታል ሊፍት ውስጥ ከአንዲት ባልቴት ጋር ተገጣጠመች። ቀይ ኮታቸው እንደ አዲስ ተተኩሷል፤ የግራ እጅጌው ጫፍ ብቻ ነትቧል። ሰው ሲነካው የማይወደው ሽበታም ልጃቸው ያችን ጫፍ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ይዟታል።

«የዘረመል ምርመራው ውጤት መጣ፣ የኔ ልጅ!» አሉ ሳትጠይቃቸው። «የዱሮ ሐኪሙ ‹የልጅሽ ኦቲዝም የመጣው፣ ልብሽ በረዶ ሆኖ ፍቅር ስለነፈግሽው ነው› ብሎኝ ነበር። ይኸው፣ ከዘረመሉ ሆኖ ተገኘ!»

«ታዲያ ከማን ወገን መጣ?»

«ከሁለታችንም አይደለም! ሲፀነስ እሱው ይዞት የመጣ ነው አሉኝ። በኔ ሲያላክኩ የኖሩት የሟች ባሌ ዘመዶች ይስሙ!»

ዳርሊን ሳቋ አመለጣት። ሊፍቱ ሲከፈት ባልቴቷ እጅጌያቸውን ለልጃቸው አመቻቹለትና ቀና ብለው ወጡ።

«የዚያ ሐኪም መቃብር እዚሁ ማዶ ነው» አሉ ዞር ብለው። «ሄደን ልንነግረው ነው።»