ባለ ኮፍያው ድንጋይ

ያን እሑድ ከጅጅጋ የወጣነው ሦስት ሆነን ነው። ሦስታችንም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተጣብበን የተማርን ነን። አንዱ ሶማሌ ነው፤ ፒክአፑም የእሱ ነበር። ሌላው አያቱ በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ገበያው መሃል ጨርቅ የሚሸጥ የከተማችን ልጅ ነው። እኔ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። መንገዱ ገና አስፋልት አልለበሰም ነበር።

የጉዞው ሰበብ የጨርቅ ነጋዴው ዓይን ነበር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ብሎት ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀረለት። ሱቁን ልሽጥ አልሽጥ እያለ ከረመ። ቀለም የማይለይ ጨርቅ ነጋዴ የት አገር አለ ይላል። እኔ ከሥራ መልስ እየመጣሁ ቀለሙን እንደምነግረው ቃል ገብቼለት ነበር፤ እሺም እምቢም አላለኝ። ያን ሰሞን ግን በልጅነታችን ከጭነት መኪና ላይ ሆነን እናያቸው የነበሩትን የመንገድ ዳር ጉዶች አንዴ እንድናዞረው ለመነን። መሃላችን ተቀምጦ በሩ ሲዘጋ እንዲህ አለ፦

«ዛሬ ዓይኔ እናንተ ናችሁ። ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ። እንዳታሳምሩልኝ።»

እሺ አልን። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ካራማራን ስንወጣ ጉም ወርዶ ነበር። መኪናው ነጭ ነገር ውስጥ ገብቶ ድምፁ ራሱ የራቀ መሰለኝ፤ ለጥቂት ጊዜ ሦስታችንም እኩል ማየት አቃተን፣ ያም ደስ አለኝ። ዳገቱን ጨርሰን ጉሙ ሲገለጥ የድሮው ጦርነት ትቶት የሄደው ታንክ እንደተጋደመ አለ። አንድ ፍየል አናቱ ላይ ቆማ ታመሰኳለች። ነገርነው። ወርዶ ዝገቱን ዳበሰና እጁን አሸተተ፤ በልጅነቱ ውስጡ ገብቶ መሪ ሲፈልግ እንደዋለ ተረከልን። ፍየሏ ንቅንቅ አላለችም።

ፋፈን ስንደርስ አንዲት ኤሊ አየን። የሻይ ቤቱ ሰውዬ የገዛ ኤሊው ጀርባ ላይ «ሻይ አለ» ብሎ በቀይ ቀለም ጽፎበታል፤ እሷም ማስታወቂያውን ተሸክማ በደንበኞች እግር መሃል ቀስ እያለች ትዞራለች። ጽሑፉን ላነብለት ስል ዝም በል አለኝ። አጎንብሶ ጀርባዋን በጣቱ ጫፍ ዳሰሳት፤ ቀለሙ ወፍራም ስለነበር ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ አነበበው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ሲያሽ የኖረ ጣት ነው። ሰውዬው ተገርሞ የሻዩን ሒሳብ አልቀበልም አለ። ግመል ወተት የገባበት ሻይ እየጠጣን ኤሊዋ አንድ ዙር እስክትጨርስ ጠበቅናት። ያን ያህል ሰዓት የት እንደሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጨርቅ ነጋዴው ከሁሉ በላይ የፈለገው ግን ዳካታ ነበር። ሸለቆው ውስጥ አንዱ ድንጋይ ባንዱ ላይ ተቆልሎ፣ አንዳንዱ አሁን ወደቅሁ እያለ የቆመበት ቦታ ነው። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ኮፍያው የምንለው አለ፤ ቀጭን አንገት ላይ የተደፋ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ሳለን እሱ በእኛ ትከሻ ላይ ተንጠላጥሎ ወጣና፣ ከአናጢ በተዋሰው መሮ የስሙን መጀመሪያ ፊደል ኮፍያው ጠርዝ ላይ ሲቀጠቅጥ ግማሽ ቀን ፈጀ። የእኛ ትከሻ ሳምንት ሙሉ አመመን።

ደረስን። አንገቱ ቆሟል፤ ኮፍያው የለም። ዝናቡ ይሁን መንገድ ሠሪዎቹ የሚያፈነዱት ድማሚት አናውቅም፣ ወርዶ ሣሩ ላይ ተጋድሟል።

እኔና ባለ ፒክአፑ ተያየን። እሱ መሃላችን ቆሞ ፊቱን ወደ ላይ አንስቷል።

«አለ?» አለን።

«አለ» አልኩት። «እንደነበረ ነው።»

ባለ ፒክአፑ ጉሮሮውን ጠረገና አንድ ጭልፊት አናቱ ላይ እንደቆመ ጨመረበት። ይህን ለምን እንዳለ አንድ ቀንም ጠይቄው አላውቅም፤ ከእኔ የባሰ እንዳዘነ ግን አውቃለሁ። ጓደኛችን ፈገግ አለ። ባዶ ሰማይ ላይ ፈገግ ሲል አይቼ ፊቴን አዞርኩ፤ አፈርኩ።

ኋላ ፀሐዩ ከረረና ትንሽ ልረፍ አለ። እጁን ይዤ በቅርብ ያገኘሁት ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ከተቀመጠ በኋላ ነው። እጁ ጠርዙን ይዞ ወዲያና ወዲህ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ነፋሱ ሣሩን ሲያንኮሻኩሸው ይሰማል።

«ጭልፊቱ አሁንም አለ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አለ» አለ ባለ ፒክአፑ።

እጄን ሳበና ጣቴን ፊደሉ ውስጥ አስገባው። ድንጋዩ ሞቅ ብሏል።

«ሱቁን እሸጠዋለሁ» አለ፤ ተነሣ።

ባቢሌ ሄደን ለውዝ ልንገዛ፣ የግመል ገበያውን ሜዳ ልናይ አስበን ነበር። ቀረ። መኪናውን አዙረን ተመለስን። ፋፈንን ስናልፍ ኤሊዋ በር ላይ ነበረች፤ አልነገርነውም። ይቅርታ ልለው አሥር ጊዜ አፌን ከፍቼ አሥር ጊዜ ዘጋሁት፤ ይቅርታውንም አሳምሬ የምናገረው መሰለኝ።

ካራማራን ተሻግረን ስንወርድ፣ ፀሐይ ከኋላችን ዘቅዘቅ ብሎ ሳለ አንድ የጭነት መኪና ቀደመንና መንገዱን በአቧራ ሞላው። ባለ ፒክአፑ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ምን ይታያል?» አለ ጓደኛችን፣ ድንገት።

«አቧራ» አልኩት። «ሌላ ምንም አይታይም።»

«አቧራው ምን ዓይነት ነው?»

ያን ጊዜ አየሁት። በዚያ መንገድ ስመላለስ ኖሬ አቧራ አይቼ አላውቅም ነበር። ከታች የጡብ ቀለም እንደሆነ፣ ወደ ላይ ሲሄድ እንደሚሳሳ፣ አናቱ ላይ ፀሐይ ሲገባበት የእሱ ሱቅ መስኮት ላይ የተሰቀለውን ሻሽ እንደሚመስል ነገርኩት።

«የትኛውን? ብርቱካኑን?»

ትንሽ አመነታሁ። «ብርቱካን መሆኑ ከቀረ ቆይቷል» አልኩት። «ፀሐይ በልቶታል። ዓመት አልፎታል፤ የሚነግርህ ጠፍቶ ነው።»

ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቀ ነበር። ባለ ፒክአፑም ተከተለው። አቧራው ቀለለና ጉብታው ማዶ የከተማችን ቆርቆሮ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ።

«ሰኞ ከሥራ ስንት ሰዓት ትወጣለህ?» አለኝ።

አሥራ አንድ ተኩል አልኩት። እውነቱን ነው የነገርኩት።