ዛቡን ያልለቀቀበት ቀን

በተራራችን ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚጠራው ሴካኬ ነበር። ፈረሱ ሰጋር ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት እንኳ ጀርባው ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ሲሄድ አንገቱን አቀርቅሮ ጸሎት የሚያደርስ ስለሚመስል ሞሩቲ አልነው፤ ቄሱ ማለታችን ነው።

ክሊኒኩ ከወንዙ ማዶ ነው። ጉም ሲወርድ ሴካኬ ዛቡን በሞሩቲ አንገት ላይ ይለቅና እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ይከታል፤ መንገዱን የሚያውቀው ፈረሱ ነዋ። ሴቶቻችን በቆሎ ሲፈጩ፦

ጉሙ ቢጋርደው ተራራውን ሁሉ፣
ቄሱ ያደርሳችኋል፣ ዝም ብቻ በሉ።

እያሉ ያንጎራጉሩ ነበር።

በረዶ በጣለበት በዚያ ክረምት ግን የታመመችው የገዛ ሚስቱ ማታቶ ሆነች። ሆዷን ሁለት ቀን ሲቆርጣት ሰንብቶ፣ በሦስተኛው ጠዋት ከፊቱ አስቀምጧት ወጣ። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ጉሙ ወረደ። ሞሩቲ በግራ ወደ ዳገቱ ሊታጠፍ ሲል፣ ሴካኬ ያ መንገድ ራቀበትና ዛቡን ወደ ቀኝ ጎተተ።

«ልቀቅለት እንጂ፣ የታቶ አባት» አለችው፣ በልጃቸው ስም ጠርታ። «ለሰው ሚስት ትለቅለት የለም እንዴ?»

«አንቺ የሰው ሚስት ነሽ?»

ሳቀች። ይህን የነገረን እሱ ራሱ ነው።

ፈረሱ ሁለቴ ቆመ፤ ሁለቴም ተረከዙን በጎኑ ሰካበት። ጥቂት እንደሄዱ ረግረጉ ፈረሱን እስከ ደረቱ ዋጠው። እሷን ድንጋይ ላይ አሳርፎ ሞሩቲን ከጭቃው እስኪያወጣ ፀሐይ አጋደለች። ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርስ ያቀፈው ገላ ቀዝቅዞ ነበር።

ከቀብር መልስ የማታቶ ወንድም ሞሎሚ ጠመንጃውን አንሥቶ ወደ በረቱ አመራ። አልከለከልነውም። ፈረሱ አርጅቶ መንገድ ጠፍቶበታል ብለን ነበር፤ ሴካኬም ስንል ሰምቷል። ዝም ቢል ኖሮ ከሐዘኑ በቀር የሚነካው አልነበረም።

ተነሥቶ በረቱ በር ላይ ቆመ።

«ሞሎሚ፣ ፈረሱ አልተሳሳተም። ዛቡን ይዤ የጎተትኩት እኔ ነኝ። እሷም ልቀቅለት ብላኝ ነበር።»

ሞሎሚ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲያው ፈረሱ አንተ ጋ አያድርም» አለ።

ሴካኬ ኮርቻውንና ልጓሙን በእጁ አምጥቶ ሰጠው።

ዛሬ ሰው ሲታመም የምንጠራው ሞሎሚን ነው። ሴካኬ ደጁ ላይ ተቀምጦ የሞሩቲን ሰኮና ድምፅ ይሰማል፤ ቀና ብሎ ግን አያይም።