የወንፊቷ እመቤትና የነቀዝ ሠራዊት

ሰፈሩ «እመት ወንፊት» ይላታል። ዱቄት ሳትነፋ አታድርም፤ ባሏንም ያገባችው ሦስቴ ነፍታ ነው እያሉ ያሟታል። ብስኩት ጋግራ ለማዕዘኑ ሱቅ ታስረክባለች። ቤቱ የቆመው በዚያ ብስኩት ነው፤ የባሏ ታክሲ እንደሆነ ከመንገድ ይልቅ ጋራዥ ይወዳል።

ታዲያ ሰሞኑን አንዲት ደንበኛ የብስኩቱን ከረጢት ስትከፍት ነቀዝ ወጣ። ሞቶ ቢሆን ደግ ነበር፤ እየተንጎራደደ ነው የወጣው። ባለሱቁ ብስኩቱን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ ቅዳሜ መጥቼ ጓዳሽን በዓይኔ ካላየሁ አንዲት ፍሬ አልቀበልሽም አላት።

ሴትዮዋ ጦርነት ከፈተች። ዱቄቱን፣ ሩዙን፣ መኮሮኒውን አውጥታ ደፋች። መደርደሪያውን በፈላ ውሃ አጠበች፤ ስንጥቁን በሻማ ደፈነች። አዲሱን ዱቄት ባልዲ ውስጥ ከድና ድንጋይ ጫነችበት፤ ነቀዝ ክዳን ከፍቶ የሚገባ ይመስል። ሲነጋ ሁለት ነቀዞች ድንጋዩ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘች። እንደገና አጠበች፤ እንደገና መጡ። ጎረቤቷን ጠረጠረች፣ አማቷን ጠረጠረች፣ በመጨረሻ ዓይኗን ጠረጠረች። ባሏ የጓዳው ወንበር ላይ ተደላድሎ፣ ነቀዝም እኮ ነፍስ አለው እያለ ያበግናታል።

ቅዳሜ ባለሱቁ መጣ። ባልዲ አስከፈተ፣ መደርደሪያውን በጣቱ ዳሰሰ፣ ምንም አጣ። ከሰኞ ጀምሮ አምጪ ብሎ ወገቡን ይዞ አቃሰተ። ይሄኔ የባል ሆዬ ደግነት ገነፈለ። ቀን ከመኪናው፣ ማታ ከጓዳው ወንበር የማይለየውን ትራስ አመጣለት። በስንዴ ሞልቶ ራሱ የሰፋው ነው፤ ስፖንጅ ለወገብ አይሆንም ባይ ነው። ባለሱቁ ተደግፎት ዓይኑን ጨፈነ።

«ይውሰዱት ጋሼ፣ እኔ ሌላ እሰፋለሁ» አለው ባል።

ባለሱቁ ትራሱን ታቅፎ ሲነሳ፣ እመት ወንፊት ከስፌቱ አንድ ነቀዝ ብቅ ሲል አየች። ሌላው ተከተለው። ዝም ብትል ሰኞ ትሸጣለች፤ ትራሱ ግን የሚሄደው ሱቅ ውስጥ፣ ዱቄቱ አጠገብ ነው።

«ያምጡት ጋሼ። ነቀዙ እዚያ ውስጥ ነው» ብላ ያዘችው።

እሷ ስትስብ እሱ ሳይለቅ ስፌቱ ተተረተረ። ያ እንደ መስታወት የጸዳ ወለል በስንዴ ተሞላ፤ ነቀዙም ከነልጅ ልጆቹ ወጥቶ ተበተነ። ባለሱቁ ሱሪውን አራገፈና እደውልልሻለሁ ብሎ ሄደ። ስልክ ቁጥሯን እንኳ አያውቀውም።

እመት ወንፊት መጥረጊያውን ለባሏ አቀበለችው። እሱ ባዶውን ጨርቅ እያገላበጠ፣

«ወገቤስ?» አላት።