አባቴ ለእኔ የለዩልኝ አማርኛ

ባለፈው ሳምንት መሳቢያ ሳጸዳ የድሮው የድምፅ መቅጃዬ የማይክ ስፖንጅ እጄ ገባ። አሸተትኩት። አቧራ ብቻ ነው፤ እኔን ግን ጭስ የጠገበው የአባቴ ጋቢ ሸተተኝ። ላውጋችሁማ።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ድምፅ ነበር። የእኛ አገር ሽማግሌዎች «ጐረቤት» ሲሉ ከንፈራቸውን ሰብስበው ወዲያው ይከፍቱታል፤ እኛ ልጆቻቸው ግን እንደሰበሰብን «ጎ» ብለን እናልፋለን። አማካሪዬ ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም ይሉ ነበር። «ልጅ የሰማውን ሁሉ አይወርስም፤ ለአፉ የሚቀለውን መርጦ ነው የሚወርስ። በየቋንቋው እንዲሁ ነው።» የቀዳኋቸው ሰዎች ሁሉ ፊደል የቆጠሩ የከተማ ሰዎች ነበሩ። «አንድ ያልተማረ ገበሬ ካላመጣሽ አልቀበልሽም» አሉኝ። ሰኞ ማስረከብ ነበረብኝ። ያልተማረ ገበሬ ደግሞ ጃናሞራ ቤታችን ውስጥ ነበረኝ፤ አባቴ።

ቅዳሜ ለገበያ ደባርቅ ሲመጡ እኔም ከጎንደር ሄጄ ጠበቅኳቸው። በተዋስኩት ባዶ ክፍል አስቀመጥኳቸው። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ የምመለስበት የጎንደር መኪና ስምንት ላይ ይነሳል። ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል፣ ሰማዩ ያጉረመርማል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ከጀመረ ቀረጻው አለቀለት።

«አባባ፣ ስለ እርሻው ያውጉኝ» አልኩ።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በአካባቢያችን የዘንድሮው የዝናብ ሥርጭት እጅግ አመርቂ ነው።»

ደነገጥኩ። «እንደሱ ሳይሆን፣ እንደ ቤትዎ!»

«እሺ ልጄ። በአጠቃላይ ሁኔታው አበረታች ነው።»

ለካ እንዳላፍርባቸው ብለው ሳምንቱን ሙሉ ሬዲዮ ላይ ተጥደው ዜና ሲያጠኑ ከርመዋል። ይህን ወንድሜ የነገረኝ ኋላ ነው። ያን ጊዜ የታየኝ ሰዓቱ ብቻ ነበር።

«ኧረ አባባ! እኔ የምፈልገው ያልተማረ ሰው አነጋገር ነው!»

ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ምላሴን ብቆርጠው ደስ ባለኝ፤ ግን አላቆምኩም፤ ይባስ ብዬ ሌላ ጨመርኩ። «በቃ፣ ዘግቼዋለሁ፤ ይረፉ» አልኩና መቅጃውን ሳላጠፋ በነጠላዬ ሸፈንኩት።

እፎይ ብለው ተነፈሱ። «ያች በቅሏችን እኮ ገደሉን አልወርድም ብላ አስቸገረችን፤ ጐረቤት ነው የደረሰልን» ብለው ጀመሩ፤ ረጋ ባለው፣ ሞላ ባለው በዚያ በአገር ቤት አነጋገራቸው። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። ነጠላዬ ተንሸራተተ።

«ያች ቀይ መብራት ምንድን ናት?»

ነጠላዬን መልሼ ሳብኩበት። ጋቢያቸውን አጣፉ። «ይቅናሽ» አሉና ወጡ፤ ዝናቡ ያኔ ወረደ።

ጽሑፌ ከሁሉ በላይ ተመሰገነ። አባቴም «ተመስገን» አሉ። እስከ ዛሬ ወንድሜ ጋ ስደውል ከስልኩ ወዲያ ከልጅ ልጃቸው ጋር ሲጫወቱ እሰማቸዋለሁ፤ «ና እስቲ አንተ ጐረምሳ» ሲሉት ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ ስልኩ ይሰጣቸዋል።

«እንደምን ሰነበትሽ? ሁላችንም በመልካም ሁኔታ ላይ እንገኛለን።»

በቀደም አልቅሼ ይቅር እንዲሉኝ ለመንኳቸው።

«ምንም የተፈጠረ ችግር የለም» አሉኝ።